ሳንቲም ነው ወይስ ሳንቲም መሳይ?

ባለፈው ወር ስለ ድሮ የብር ኖቶች ከጻፍኩ ወዲህ ስልኬ ሥራ በዝቶበታል። ሰው ሁሉ መሳቢያውን እየከፈተ፣ የእናቱን ሳጥን እየበረበረ፣ ያገኘውን ክብ ነገር ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይሄ ስንት ያወጣል?» የሚገርመው ከተላከልኝ ውስጥ ብዙው ገንዘብ ሆኖ የማያውቅ ነው። ለማስታወሻ የተሠራ አለ፣ ለቱሪስት የተሠራ አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰው እንዲሳሳትበት ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ለነሱ ሰጠሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አልጻፍኩም።


«ወንድሜ ሚሊየነር ሆነናል ይላል»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባታችን ካረፈ ስድስት ወሩ ነው። ዕቃውን ስናስተካክል በሰማያዊ ከፋይ ሳጥን ውስጥ ወርቃማ ሳንቲም አገኘን። አንድ ፊቱ ላይ ችቦ የያዘች ሴት አለች፣ ጀርባው ላይ የሚበር ንስር፣ ዓመቱ 1933 ይላል። ታላቅ ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ አይቶ «ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው ይሄ ነው» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ሳጥኑንም ወደ ቤቱ ወስዶታል። እኔ ደግሞ አባቴ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እያየ በስልክ ዕቃ ይገዛ እንደነበር አስታውሳለሁ። እኔና ወንድሜ ሳንጣላ ነገሩን ይንገሩን።

መልስ፦ ነፍስ ይማር እህቴ፣ እግዜር ያጽናችሁ። አባትሽ በስልክ ይገዛ እንደነበር ማስታወስሽ ግማሹን መልስ ሰጥቶሻል።

ወንድምሽ የሚያወራለት ሳንቲም በእርግጥ አለ። የአሜሪካ የ20 ዶላር ወርቅ ነው፣ «ደብል ኢግል» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1933 ከዚህ ሳንቲም 445,500 ፍሬ ተመታ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የወርቅ ሳንቲም ከሕዝቡ እጅ እንዲሰበሰብ ስላዘዘ ግን ገበያ ሳያየው ተመልሶ ቀለጠ። ጥቂት ፍሬዎች በጓሮ በር ሾለኩ። ከነዚያ ውስጥ ግለሰብ በሕግ እንዲይዘው የተፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ወቅት የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ ስብስብ ውስጥ ነበረ የሚባለው። በ2002 ወደ 7.6 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2021 ደግሞ 18.9 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ለወንድምሽ ይህን ንገሪልኝ፦ የእናንተው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ በር የሚያንኳኳው ገዢ ሳይሆን የመንግሥት ሰው ነበር።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንምጣ። ይህ ሳንቲም ታሪኩ እንዲህ ስለሚያጓጓ የግል ድርጅቶች ቅጂውን ለዓመታት ሲሸጡት ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ ከ1973 ጀምሮ ሕግ አለ፤ የሳንቲም ቅጂ የሚሠራ ሰው ላዩ ላይ «ኮፒ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መቅረጽ አለበት። ይቀርጻሉም። ችግሩ የሚቀርጹበት ቦታ ነው። የሴትየዋ ቀሚስ እጥፋት አጠገብ፣ ወይም ከንስሩ ክንፍ በታች፣ ዓይን የማያርፍበት ጥግ ላይ ትንሽ አድርገው ነው። ስልክሽን አውጪና ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ በጣትሽ አጉልተሽ ዙሪያውን ፈልጊ። አራት የላቲን ፊደል ነው የምትፈልጊው።

ካላገኘሽ ሚዛን አለ። እውነተኛው 33.4 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ከባድ ነገር ነው፤ ከመዳብ ተሠርቶ ወርቅ ቢቀባ መጠኑ ያው ሆኖ ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ወንድምሽ ሳጥኑን ባይሰጥሽም ሚዛኑን ይዘሽ ሄደሽ ቡና አፍልተሽ አብራችሁ መዝኑት፣ በዚያው ትታረቃላችሁ።

እነዚህ ማስታወቂያዎች ቃላቸው በጣም የተመረጠ ነው። «በንጹሕ 24 ካራት ወርቅ የተለበጠ» ይላሉ። ሰሚው «ንጹሕ»ን፣ «24 ካራት»ን እና «ወርቅ»ን ይሰማል፣ «የተለበጠ» የምትለዋ ጆሮው አትገባም። እሷ ናት ግን እውነቱን የምትናገረው። ሌላው ቀርቶ መንግሥት ያወጣው ነው እስከማለት የሄዱም አሉ። በ2004 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የግል ኩባንያ የፈረሱትን መንታ ሕንፃዎች የሚያስታውስ «የብር ዶላር» በቴሌቪዥን ይሸጥ ነበር። አንድ ዶላር ይላል ላዩ ላይ፣ የሰሜን ማሪያና ደሴቶች ስምም አለበት። እነዚያ ደሴቶች የአሜሪካ ግዛት ናቸው፣ የራሳቸውን ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን የላቸውም። የአሜሪካ ሳንቲም መሥሪያ ቤት «ይሄ የኛ አይደለም» ብሎ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፣ የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግም ፍርድ ቤት አቁሞ ሽያጩን አሳገደው። ገዢው ግን አንዴ ከፍሏል።

የአባትሽን አስቀምጡት። ዋጋ ባይኖረውም እሱ ወዶት የገዛው ነው።


«ሜዳሊያ ነው አለኝ፣ ሌላው ቅርስ ነው አለኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አያቴ አንገቷ ላይ ታስረው የነበረ አራት ጠገራ ብር ትታልን ሄደች። ሁሉም ላይ 1780 ይላል። አንድ ወርቅ ቤት ባሳይ «ይሄ የመታሰቢያ ሜዳሊያ ነው፣ በኋላ የተሠራ ነው፣ ገንዘብ አልነበረም» ብሎ በርካሽ ሊገዛኝ ፈለገ። ሌላ ቤት ስሄድ ደግሞ «የ240 ዓመት ቅርስ ነው፣ እንዳትነካው» አሉኝ። ማን ነው የሚዋሸኝ?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ነግረውሃል፣ የመጀመሪያው ግን ግማሿን ለራሱ ኪስ ነው የተጠቀመባት።

ወንድሜ፣ ይህ ሳንቲም ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ብረዝም ታገሰኝ። ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ናት፣ አያቶቻችን «ማርትሬዛ» ያሏት። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። ከሞተች በኋላም ሳንቲሟ መመታቱን አላቆመም፣ ዓመቱም አልተቀየረም። ምክንያቱ የእኛና የጎረቤቶቻችን ነጋዴ ነው። በቀይ ባሕር ዳርና ዳር፣ ከየመን እስከ ጎንደር፣ ሰው ሌላ መልክ አልቀበልም አለ። የሐረር ነጋዴ ሳንቲሙን ተቀብሎ ትከሻዋ ላይ የተሰካውን ጌጥ ያያል፣ ጌጡ ላይ ያሉትን ዶቃዎች አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፤ ከጎደሉ ወይም ካረጁ ይመልሳል። ቪየና ያሉት ሰዎች ይህን ስላወቁ አንዲት ዶቃ ሳይነኩ ያንኑ መልክ፣ ያንኑ 1780 እየመቱ ላኩ።

አሁን የሚያስቀው ይመጣል። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 «ይህ ሳንቲም ከአሁን በኋላ አገሬ ውስጥ አይሠራም» አለች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተመታው ማርትሬዛ ሁሉ ባገሩ ገንዘብ አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን በሬ ይገዛል፣ ጥሎሽ ይሆናል፣ ግብር ይከፈልበታል። ወርቅ ቤቱ ሰውዬ «ገንዘብ አልነበረም» ያለው ቪየና ቆሞ ቢሆን ልክ ነበር። ደሴ ቆሞ ግን ተሳስቷል። እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲሱ ብር ወጥቶ እስኪተካው ድረስ ሕዝቡ በዚህ ነው የኖረው።

አጼ ምኒልክ እንኳ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ሕዝቡን ለማልመድ ብዙ ተቸግረዋል። ጣሊያኖች ደግሞ ከዚህ የባሰ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ብለው «ታለሮ» የሚባል የብር ሳንቲም መቱ፤ ሴትዮዋ ማርትሬዛን እንድትመስል ተደርጋ የተሠራች፣ መጠኑም ያው። ከሩቅ ስታየው እሷው ናት። ገበያ ላይ ግን ነጋዴው አንዴ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰው፣ ነገሩም በዚያው ከሸፈ። ዶቃ የሚቆጥርን ሰው እንዲህ በቀላሉ አታታልለውም። በ1935 ደግሞ ሙሶሊኒ ማርትሬዛ የሚመታበትን ቅርጽ ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ሮም ወሰደው፤ ለወረራው ብር ያስፈልገው ነበርና። ያኔ እንግሊዞችም ለንደን፣ በኋላም ቦምቤይ መምታት ጀመሩ፣ ፓሪስና ብራስልስም ገቡበት። ስለዚህ ያያትህ አራት ፍሬዎች አንዱ የአጼ ቴዎድሮስ ዘመን፣ አንዱ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ግን 1780 ይላሉ። ባለሙያ የጌጡን ቅርጽና የንስሩን የጅራት ላባ እያየ ይለያቸዋል። በፎቶ እኔ አልችልም፣ እችላለሁ ያለህም ይዋሻል።

«የ240 ዓመት» ያሉህን ስለዚህ በጥርጣሬ ያዘው። ግን ዝቅተኛ ዋጋውን ማንም ሊነጥቅህ አይችልም። አንዱ ፍሬ 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። አራቱ ላይ ከ93 ግራም በላይ ንጹሕ ብር አለህ ማለት ነው። የዕለቱን የብር ዋጋ በስልክህ አይተህ አባዛው፤ ከዚያ በታች የሚጠራ ሰው ፊት ብዙ አትቁም። በነገራችን ላይ ወርቅ ቤቶች እስካሁን የሚናገሩት «ወቄት» ይኸው ነው፤ የአንድ ወቄት ክብደት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነበር። ያ ሰውዬ በየቀኑ የሚመዝንበትን ነገር ነው ሜዳሊያ ብሎ የሰደበብህ።

እውነተኛነቱን ለማየት ጠርዙን ዳስስ። ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል፣ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» ይላል፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ከደረቷ በታች ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ከ1780 ቀጥሎ ትንሽ አጋድማ የቆመች መስቀል አለች። ማግኔት አይስበውም። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጣል ስታደርገው ሳይሆን ጣትህ ጫፍ ላይ አስቀምጠህ በሌላ ሳንቲም ቀስ ብለህ ስትመታው ረዘም ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። ርካሽ ብረት «ጠቅ» ብሎ ያበቃል።

ይህን የምነግርህ ተበልቼ ስለማውቅ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የምኒልክ ብር አየሁ። አንበሳው አለ፣ አክሊሉ አለ፣ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ሻጩም ሽማግሌ ነበሩና ማፈር ይዞኝ ሳልመረምር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ መብራት ስር ሳየው ፊደላቱ ጠርዛቸው ሟሙቷል፣ ሰም ላይ የተጻፈ ይመስላሉ። የፍሪጅ ማግኔት አስጠጋሁት፤ ጥልቅ። እስካሁን ፍሪጄ ላይ ነው ያለው፣ የመብራት ቢል ይይዝልኛል።

እንዲህ ያለው ቅጂ በቱሪስት ሱቅ ሞልቷል፤ የማርትሬዛም፣ የምኒልክም። ለግድግዳ ይሁን ለአንገት ከተሸጠ ምንም ክፉ የለውም። ክፉ የሚሆነው ሻጩ አፉን ሲከፍት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። አያትህ አንገቷ ላይ ስታስረው ቀለበት አስበይዳበት ከሆነ ሰብሳቢ ዋጋውን ይቀንስብሃል፣ ብሩ ግን ያው ነው። ደግሞ በእናትህ፣ ይብራ ብለህ በሎሚና በአመድ እንዳትፈትገው። ያ ጥቁረት ዕድሜው ነው። የፈተግከው ቀን ከቱሪስት ሱቁ ዕቃ ጋር ይመሳሰላል።


«ልጄን ፖሊስ እጠራለሁ አሉት»

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ፍራንክፈርት ነኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ፓሪስ ሄደን የአይፍል ማማ ያለበት ወርቃማ ሳንቲም ከማሽን በ2 ዩሮ ገዛሁለት። እዚህ ተመልሰን ዳቦ ቤት ልኬው፣ ሳንቲሙ 2 ዩሮ ነው ብሎ ሊከፍልበት ሞከረ። ሻጯ ጮኸችበት፣ ሐሰተኛ ገንዘብ ነው፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለችው። እያለቀሰ መጣ። ልጄ ወንጀል ሠርቷል እንዴ?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ልጅሽ ያሰበው ትክክል ነው፣ «2 ዩሮ ከፍዬበታለሁ፣ ስለዚህ 2 ዩሮ ነው።» ብዙ ትልልቅ ሰውም እንደዚሁ ነው የሚያስበው።

ያ ሳንቲም የፓሪስ ሳንቲም ቤት የሚሠራው የቱሪስት ማስታወሻ ነው። የፈረንሳይን የዩሮ ሳንቲም የሚመታውም እሱው ቤት ስለሆነ አሠራሩ በጣም ያምራል፣ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። ሐሰተኛ ገንዘብ አይባልም፤ ዩሮ ነኝ አላለም። ቤት ካለ ከ2 ዩሮ ሳንቲም አጠገብ አስቀምጪው፦ የ2 ዩሮው ስፋት 25.75 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፓሪሱ 34። በቁጥርም ሆነ በቃል ዋጋ የሚል ነገር የለበትም።

34 መሆኑ ደግሞ ከሕግም ያድነዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ያወጣው ደንብ አለ፤ ዩሮ የሚመስል ሜዳሊያና ቶክን (ገንዘብ ሳይሆን በሳንቲም ፈንታ ማሽን ውስጥ የሚገባ ክብ ነገር) እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ይከለክላል። «ዩሮ» ወይም «ዩሮ ሴንት» የሚል ቃል ወይም የዩሮ ምልክት ካለበት፣ የዩሮ ሳንቲሞችን ሥዕል ከመሰለ፣ ወይም መጠኑ ከነሱ ጋር ከተቀራረበ አይፈቀድም። የመጠኑ ክልል ከ19 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው፣ ውፍረቱም ተቆጥሮ ተቀምጧል። ያ ክልል ውስጥ የገባ ግን ማምለጫ አለው፦ መሐሉ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳ ካለው፣ ወይም ጠርዙ ከስድስት ማዕዘን ያልበለጠ ከሆነ፣ ወይም ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከፕላቲነም ከተሠራ። የመጨረሻው በጣም ያስቀኛል፤ 2 ዩሮ ለማጭበርበር ወርቅ የሚያጠፋ ሰው የለም ብለው ነው መሰለኝ።

ደንቡ የሚመለከተው ከብረት የተሠራውን ነው። የሱፐርማርኬት ጋሪ የምትፈቺበት የፕላስቲክ ክብ አያገባውም።

ደንቡ ሰውን ብቻ ሳይሆን ማሽንንም ያሰበ ነው። የልብስ ማጠቢያና የመኪና ማቆሚያ ማሽን ዓይን የለውም፤ ስፋቱን፣ ክብደቱን፣ ለማግኔት ያለውን ጠባይ ይለካል። ድሮ አዲስ አበባ የሕዝብ ስልክ ውስጥ ሮንዴላ የከተተ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የሚገርመው ዩሮን የበለጠ ያስቸገሩት ቶክኖች ሳይሆኑ የሌላ አገር እውነተኛ ሳንቲሞች ናቸው። የታይላንድ 10 ባት 26 ሚሊ ሜትር ነው፣ 8.5 ግራም ይመዝናል፤ 2 ዩሮም 8.5 ግራም ነው። ቱርክ በ2005 ያወጣችው አንድ ሊራም ያው ሁለት ቀለም፣ ያው መጠን ነበር። ሻጮች ስለዚህ ተበሳጭተዋል፣ ሴትዮዋም ያን ቀን ያላት ብስጭት ልጅሽ ላይ ወረደ።

ልጁን ይዘሽው ሂጂ፣ ሁለት ዳቦ ግዢና ሳንቲሙን አሳዪያት። ምናልባት እሷም ፓሪስ ሄዳ ታውቅ ይሆናል።


«ቢትኮይኑን እንዴት ልመንዝር?»

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አንድ የማውቀው ልጅ ቢትኮይን በ500 ድርሃም ሸጠልኝ። ወርቃማ ነው፣ ትልቅ የላቲን ቢ አለበት፣ በፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ነው ያለው። «አሁን አትሽጪው፣ ይጨምራል» አለኝ። ስመነዝር የት ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስጽፍልሽ ሆዴ እየተቃጠለ ነው። የያዝሽው ማስታወሻ ነው። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፣ ውስጡ ርካሽ ብረት፣ ላዩ ቅብ ነው። ቢትኮይን በእጅ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ የትም ብትወስጂው የሚመነዝርልሽ የለም።

ልጁ «እኔ አይቻለሁ፣ ውስጡ ገንዘብ ያለው አለ» ካለሽ ያ ሌላ ነገር ነው። በ2011 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው «ካሳሺየስ» የሚባሉ ሳንቲሞች ይሠራ ነበር፤ ጀርባቸው ላይ በሚያብረቀርቅ ተለጣፊ የተሸፈነ ምስጢር ቁጥር ነበራቸው፣ ገንዘቡን የሚከፍተው ቁጥሩ ነበር። በ2013 የአሜሪካ መንግሥት «ለዚህ ፈቃድ ያስፈልግሃል» አለው፣ ሰውዬውም ገንዘብ ያለበትን መሸጥ አቆመ። ያንቺ ያ ተለጣፊ የለውም።

የሸጠልሽን ልጅ መልእክቱን፣ ድምፁን፣ ገንዘቡን የላክሽበትን ደረሰኝ አታጥፊ። መጀመሪያ በሽማግሌ፣ በምታምኚው ያገር ልጅ ፊት መልስ በይው። እምቢ ካለ እዚያ ፖሊስ አለ፣ 500 ድርሃም ደግሞ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።


«ባንኩ አልቀበልም አለኝ»

ጥያቄ፦ ከናታንያ ነው፣ ዕድሜዬ 71 ነው። ጡረታ ስወጣ የሥራ ቦታዬ ትልቅ የብር ሳንቲም በሳጥን ሰጡኝ። መኖራ፣ ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዙ፣ አለበት፣ «እስራኤል» ይላል። ባንክ ወስጄ ልመንዝር ብል ልጅቷ ሳቀች። መንግሥት ያወጣውን ባንክ እንዴት አልቀበልም ይላል?

መልስ፦ አባባ፣ ልጅቷ መሳቋ ነውር ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እስራኤል ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። የእስራኤል ባንክ የሚያወጣው የመታሰቢያ ሳንቲም አለ፤ ላዩ ላይ ይህን ያህል ሼቄል ተብሎ ዋጋው ተጽፎበታል፣ ሕጋዊ ገንዘብ ነው። ከዚያ ደግሞ ሜዳሊያ አለ፤ የመንግሥት ዓርማ ይኖረዋል፣ ከብር ወይም ከወርቅ ይሠራል፣ ዋጋ ግን አልተጻፈበትም። የእርስዎ ሁለተኛው ይመስለኛል። ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ ቁጥርና «ሼቄል» የሚል ከሌለ ሜዳሊያ ነው። ጠርዙን ደግሞ በመነጽር ይመልከቱ፣ ብዙዎቹ የብሩን ንጽሕና እዚያ ላይ ጽፈውታል። ብር ከሆነ ባንክ ሳይሆን ብር የሚመዝን ነጋዴ ጋ ይሂዱ።

የተገላቢጦሹም አለ፣ ላጫውትዎ። ኢትዮጵያ በ1964 ዓ.ም. ባለ 5 ብር የብር ሳንቲሞች አውጥታ ነበር፤ የአጼ ቴዎድሮስ፣ የአጼ ዮሐንስ፣ የአጼ ምኒልክና የንግሥት ዘውዲቱ መልክ ያለባቸው። የአጼ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ባለ 10 ነበር። ቢያዩዋቸው ሜዳሊያ ነው ይላሉ፤ ትልልቅ ናቸው፣ የሚያብረቀርቁ፣ ገበያ ላይም ማንም ሽንኩርት ገዝቶባቸው አያውቅም። ግን ዋጋቸው ተጽፎባቸዋል፣ ያወጣቸውም መንግሥት ነው፤ ሳንቲም ናቸው። ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ካለ ለልጅ መጫወቻ እንዳይሰጡት አደራ።


«ወያላ ነኝ፣ ማታ ስቆጥር...»

ጥያቄ፦ ሰላም ፋዘር። ታክሲ ላይ ነኝ፣ ከሜክሲኮ ቦሌ። ማታ ሒሳብ ስናስገባ ከባለ አንድ ብሮቹ መሐል አንድ የማይታወቅ ወጣ። መሐሉ ወርቅማ ዙሪያው ነጭ ነው። ኮከብ አለበት። ሹፌሩ «የውጭ ነው፣ ዶላር ነው» ይላል። ላስቀምጠው ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ የሰደድከውን ፎቶ አይቼ ሳቅኩ። የኛ አንድ ብር ሳንቲም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ባለ ሁለት ቀለም ነው፣ አንዱ ፊት ላይ የአንበሳ ራስ፣ ሌላው ላይ ሚዛን አለ። ባጨለመበት፣ ሰው ተጨናንቆ፣ አንተ አንድ እግርህ በር ላይ ሆኖ ስትቀበል ሁለት ቀለም ያለው ሁሉ አንድ ብር ይመስላል። ከአሁን በኋላ በአውራ ጣትህ ዳበስ አድርግ፣ አንበሳው ከፍ ብሎ ይሰማሃል።

የያዝከው ዶላር አይደለም። ከኮከቡ ሥር በትንሹ «ምንም የገንዘብ ዋጋ የለውም» የሚል እንግሊዝኛ አለ። የሕፃናት መጫወቻ ቤት ቶክን ነው፣ መኪናዋ ላይ ልጅ ተቀምጦ የሚወዘወዝባት ማሽን ውስጥ የሚገባ። ቤቱን ካገኘኸው አንድ ብርህ ባትመለስም አንድ ዙር ትወዘወዛለህ፤ ሹፌሩን ይዘኸው ሂድ።